200 ጽሑፍ፣ ግን የስንት እናቶች ናሙና?

የአንድ የእርግዝና ኢሚዩኖሎጂ (በእርግዝና ጊዜ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ጥናት) ተመራማሪ ስም ሲፈለግ 200 ጽሑፎችና 40 ኤች-ኢንዴክስ ከወጣ፣ ብዙ የቅጥርና የማዕረግ ኮሚቴዎች ከዚያ በላይ አይመረምሩም። ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረበው ይህ መለኪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሚነግረን ቢያንስ 40 ጊዜ የተጠቀሱ 40 ጽሑፎች መኖራቸውን ብቻ ነው። ለምን እንደተጠቀሱ አይነግረንም፤ በዚህ ዘርፍ ደግሞ ቁም ነገሩ ያ ነው።

ብሪታኒያዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ፒተር ሜዳዋር በ1953 አንድ ጥያቄ አንስቶ ነበር፦ ግማሹ ከአባት የተወረሰ ጽንስ በእናት አካል እንደ ባዕድ ለምን አይገፋም? ከዚህ በመነሳት ጽንስ በተደጋጋሚ የሚጨነግፍባቸውን ሴቶች በባላቸው ነጭ የደም ሴል መከተብ ተጀመረ። በ1985 ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ በወጣ ጥናት የባላቸውን ሴል ከወሰዱት 22 ሴቶች 17ቱ ተሳካላቸው፤ የራሳቸው ሴል ከተሰጣቸው 27 ግን 10ሩ ብቻ። ሕክምናው ተስፋፋ። በ1999 እዚያው ላንሴት ላይ የወጣው ሰፋ ያለ ሙከራ ነገሩን ገለበጠው። ከተከተቡት 86 ሴቶች ውስጥ የተሳካላቸው 31 (36 በመቶ) ሲሆኑ፣ የጨው ውሃ ብቻ ከተሰጣቸው 85 ውስጥ ግን 41 (48 በመቶ) ነበሩ። በ2002 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሕክምናው ፈቃድ ካለው ጥናት ውጭ እንዳይሰጥ አሳሰበ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ለመንቀፍ የጠቀሰው ሁሉ ግን በቆጠራው ላይ እንደ ደጋፊ ተደምሯል።

ስለዚህ መጀመሪያ መነበብ ያለበት የጥናቱ ዘዴ የተጻፈበት ክፍል ነው። ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት በሽታ) ካለባት እናት የሚገኘው እንግዴ ልጅ ብዙ ጊዜ ከ34ኛው ሳምንት በፊት የወጣ ነው። ማነጻጸሪያው የ39 ሳምንት ጤነኛ እንግዴ ልጅ ከሆነ፣ የታየውን ልዩነት በሽታው ያምጣው የእርግዝናው ዕድሜ መለየት አይቻልም። ምጥም ብቻውን የኢንፍላሜሽን (የብግነት) ምልክቶችን ከፍ ያደርጋል፤ በምጥ የወለደችን ምጥ ሳይጀምራት በቀዶ ጥገና ከወለደች ጋር ያነጻጸረ ሰው የለካው ምጥን ሊሆን ይችላል። ቁራጩ ከእትብቱ ሥር ነው ወይስ ከጠርዙ የተወሰደው? በስንት ደቂቃ ውስጥ በረዶ ገባ? ይህ ካልተጻፈ ቶሎ የሚበላሸውን የአርኤንኤ (የጂን መልእክት ተሸካሚ ሞለኪውል) ውጤት አምኖ መቀበል ይከብዳል።

ኤን ኬ ሴል ስለሚባሉት የሰውነት መከላከያ ሴሎች የሚወጡት ጽሑፎች ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። በደም ውስጥ ካሉት ኤን ኬ ሴሎች 90 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ሲዲ16 የተባለ ፕሮቲን በገጻቸው ላይ አላቸው፤ በእርጉዝ ማህፀን ሽፋን ያሉት አብዛኞቹ ግን የላቸውም፣ ሥራቸውም ሌላ ነው። ከክንድ ደም ቀድቶ ስለ ማህፀን መደምደም ገበያ ውሎ ስለ ጓዳ እንደ ማውራት ነው። በዚህ ላይ 20 ሳይቶካይን (የመከላከያ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸው ፕሮቲኖች) ለክቶ በ0.05 ወሰን (ልዩነት በሌለበት "አለ" የማለት ዕድሉ ለእያንዳንዱ ልኬት 5 በመቶ በሆነበት) "ልዩነት አለ" የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ልኬቶቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ ምንም እውነተኛ ልዩነት ሳይኖር ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ነው።

200 የሚለው ቁጥር እንዴት እንደሚያብጥም ማወቅ ደግ ነው። የ60 እናቶች ደም አንዴ ይሰበሰባል፤ ከዚያ በየሳይቶካይኑ አንድ አንድ ጽሑፍ ይወጣል። የምልመላውን ወራት፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱን ቁጥርና የእናቶቹን አማካይ ዕድሜ ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ ወዲያው ይነቃበታል። ያልነቃ የሜታ አናሊሲስ (የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የሚደምር ትንተና) ሠሪ ያችኑ እናት ሦስት ጊዜ ይቆጥራታል።

የሕክምና ሙከራ ከሆነ ምዝገባው ይታይ፤ ትልልቆቹ የሕክምና ጆርናሎች ከ2005 ጀምሮ ይጠይቁታል። የተመዘገበበት ቀን ከመጀመሪያዋ ታካሚ በፊት ነው? ዋና ውጤት ተብሎ የተመዘገበውና የታተመው አንድ ናቸው? በአንድ ሆስፒታል፣ በጥቂት ወራት፣ ብዙም የማይገጥም ችግር ያለባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ከተገኙ፣ ጥሬ መረጃውን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ኮሚቴዎች 200ውን ትተው አመልካቹ ራሱ የመረጣቸውን 5 ጽሑፎች ቢጠይቁ ይሻላል። ከእያንዳንዱ ጋር ናሙናው ከየት እንደመጣ፣ አመልካቹ በእጁ የሠራው የትኛውን እንደሆነና ሌላ ቤተ ሙከራ ደግሞት ምን እንዳገኘ የሚገልጽ ግማሽ ገጽ ይያያዝ። ማንም ካልደገመውም እዚያው ላይ ይጻፍ።