ስልክ ላይ ያለ ካርታ ሕመምህን አያይም
«ስልክህ ላይ ካርታ ካለ ኔፓል ተራሮች ላይ ባለው ላይኛው ሙስታንግ አስጎብኚ ትርፍ ወጪ ነው» የሚለው አልተዋጠልኝም። ሲጀመር ልዩ የመግቢያ ፈቃድ ግድ ነው፤ እሱንም የሚያወጣልህ የተመዘገበ የጉዞ ድርጅት ነው። መግቢያው ላይ ያለችው መንደር ካግቤኒ ላይ ወረቀትህን ያዩታል። መንገዱማ ቀላል ነው፣ ጂፕ ሁሉ ይሄድበታል። ችግሩ ሌላ ነው። የካሊ ጋንዳኪ ሸለቆ ንፋስ ረፋዱ ላይ ይነሳና ከሰዓት በኋላ ጥርስህን አሸዋ በአሸዋ ያደርገዋል። አስጎብኚያችን ጎህ ሳይቀድ የሚቀሰቅሰን ለዚህ ነበር። ብንነጫነጭም ሻይ ይዞ በር ላይ ይቆማል እንጂ ንቅንቅ አይልም። «እኛ ሐበሾች ከፍታ ለምደናል» ላልከው ወንድሜ፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ የላይኛው ሙስታንግ ዋና ከተማ ሎ ማንታንግ ግን ከ3,800 በላይ። የከፍታ ሕመም እንዳይይዝህ ከ3,000 ሜትር ካለፍክ የምታድርበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባትጨምር ነው የሚመከረው። ራስህን ካመመህ ባለህበት ትቆያለህ፣ ከባሰብህ ትወርዳለህ። አብሮን የነበረ አንድ ጎበዝ ሯጭ «ደህና ነኝ» እያለ ሊሸውደን ሲሞክር፣ አስጎብኚው እራቱን እንዳልነካው አይቶ ነቃበት። በማግስቱ አንድ እርምጃ አላስኬደንም። ዋጋው ይወደዳል ላላችሁት ግን አልከራከርም።