እርማት፦ «የተበላውን ሮለር ብቻ ቀይር»

ወንድሜ፣ «ከስኩተሩ ስድስት የቫሪዬተር ሮለሮች የተበላውን ብቻ ቀይር» ያልከው በየጋራዡ የሚባል ነው፤ ግን ስህተት ነው። ቫሪዬተር ማለት ስኩተሩን ያለ ማርሽ ፍጥነት የሚያቀያይረው፣ ቺንጋው የሚዞርበት ፑሊ ነው፤ ሮለሮቹ በውስጡ ያሉ ትናንሽ ክብደቶች ናቸው። ሞተሩ ሲፈጥን ሮለሮቹ ወደ ውጭ እየተገፉ የፑሊውን ፊት ይገፋሉ፣ ቺንጋውንም ጨምቀው ወደ ጠርዙ ያወጡታል። ክብደታቸው ከተለያየ ቫሪዬተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ቺንጋውም ያለጊዜው ያልቃል። ባለፈው ሱማሌ ተራ አንዱን ስንፈታ፣ በጥፍር ሲዳሰስ የሚታወቅ ጠፍጣፋ ቦታ የነበረው አንድ ሮለር ብቻ ነው። አምስቱ ደህና ይመስሉ ነበር፤ በወርቅ ሚዛን ስናስቀምጣቸው ግን ሁለቱ ቀለው ተገኙ! ስድስቱንም በአንድ ክብደት ቀይር። ቺንጋው የሚያርፍበትን ፊት ግሪስ እንዳይነካው፣ አደራ። የክብደት ሚዛን ነገር ቀላል አይደለም፦ በበረዶ ላይ በሚነዳው የፖላሪስ ሞተር ክላችማ ክፍሎቹ አንድ ላይ ባላንስ የተደረጉ ስለሆኑ፣ ሲገጠሙ በላያቸው ያሉት የኤክስ (X) ምልክቶች በአንድ መስመር መግጠም አለባቸው።