መኪናዬ የምትታመመው ጠዋት፣ የምትታየው ረፋድ

ወገን፣ አራት ወር ሙሉ በውስጤ ይዤው ከረምኩ፤ ዛሬ ግን ልተንፍሰው።

ደብረ ማርቆስ ላይ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አሮጌ መኪና ማስነሳት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ አጥንት ድረስ ይገባል። እኔ ደግሞ ሉማሜ ነው የማስተምረው፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደወል እኔን አይጠብቅም።

ኮሮላዬ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለች ናት። ቁልፉን ሳዞር ትነሳለች፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። ሚኒሞዋ፣ ማለትም ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር፣ 400 ድረስ ይወርድና ወደ 1,000 ይዘላል፣ ደግሞ ይወድቃል። እግሬን ከጋዙ ካነሳሁ ድርግም ትላለች። ጎረቤት እስኪነቃ ድረስ በጋዝ እያስጮህኩ አቆያታለሁ። ስድስትና ሰባት ደቂቃ አልፎ ሞተሩ ሲሞቅ ግን ያቺው መኪና ልዝብ ብላ ትሠራለች።

ንዴቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጋራዥ የምደርሰው ከሥራ አስፈቅጄ ረፋድ 4 ሰዓት ነው፤ ያውም እየነዳሁ፣ ሞተሩ ግሎ። መካኒኩ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ጆሮውን ያቀርባል፤ «መምህር፣ ምንም የለባትም እኮ!» ይለኛል። ኧረ አሁንማ ምን ይኖርባታል! «ጠዋት ነው፣ ሲበርዳት ነው» እላለሁ። ይሰማኛል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ በግምት ዕቃ ያስቀይረኛል።

የመጀመሪያው መካኒክ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን አራቱንም ካንዴላ አስቀየረኝ። ለውጥ የለም። ሁለተኛው የካንዴላ ገመዶቹን በሙሉ አውጥቶ በአዲስ ቀየረ። አሁንም ያው ናት። ሦስተኛው የመኪናዋ ኮምፒውተር የሚመዘግበውን የብልሽት ኮድ አየ፤ ከኮፈኑ ሥር ያለችውን ሳጥን ከፍቶ ሁለቱን ቀዳዳ በሽቦ አገናኝቶ የዳሽቦርዱን መብራት ብልጭታ ቆጠረ። «ንጹሕ ነው» አለኝ። ቀጥሎ የሚኒሞውን ብሎን አጥብቆ ከፍ አደረገልኝና ሂሳቡን ተቀበለ። ይኸ ጥገና ነው? ጠዋት መንቀጥቀጧ አልቀረም፤ ከሞቀች በኋላ ግን ቆማ በ1,300 ትጮሃለች። ቤንዚን ለማግኘት ግማሽ ቀን በምንሰለፍበት ጊዜ፣ ቆማ የምትጠጣ መኪና ሠራልኝ። ተመልሼ ስነግረው «እንግዲህ ሞተሩ ይውረድ» አለ።

ልብ በሉ፣ ፍንጩን እኔው ነግሬያቸው ነበር። ባሕር ዳር አንድ ሌሊት አድራ ጠዋት ሳስነሳት ትንሽ ብቻ ነው የተንገራገጨችው። ባሕር ዳር ከኛ ዝቅ ያለች፣ ሞቃት ናት። ብርዱ ሲቀንስ ሕመሙ ቀነሰ ማለት ነው። ማን ይስማኝ!

በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፉ ኤሌክትሪሻን ዘንድ ሄድኩ። ቆመው ሰሙኝና «ዛሬ አላያትም። ቁልፉን ተውልኝ፣ እዚህ ትደር» አሉኝ። በአራት ወር ውስጥ ይህን ቃል የተናገሩ እሳቸው ብቻ ናቸው። በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ ስደርስ ጋቢያቸውን ደርበው የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ይዘው ይጠብቁኛል። ሞተሩን ሳያስነሱ የራዲያተሩን ውሃ ሙቀት የምትለካውን ሰንሰር ሶኬት ነቅለው ለኩ። ያች ሰንሰር በ20 ዲግሪ ከ2,000 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) በላይ፣ ሲበርድ ደግሞ ከዚያም በላይ ማንበብ ነበረባት። እሷ የምታነበው 300 ነበር፤ ይህ ውሃው 80 ዲግሪ ሲደርስ የሚታይ ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩ በውርጭ የደረቀውን ሞተር «ሞቋል» ብሎ ቤንዚን ይቆጥብበታል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ደግሞ ቤንዚን በደንብ ስለማይተን ጨመር ተደርጎ ካልተሰጠው አይቃጠልም። መብራቱ ኮድ ያላወጣውም ለዚሁ ነው፤ ገመዱ አልተበጠሰም፣ ቁጥሩም ሊኖር የሚችል ቁጥር ነው።

ከመሳቢያቸው 2,200 ኦም ሬዚስተር የምትባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ አውጥተው፣ ኮምፒውተሩ «ቀዝቃዛ ነው» ብሎ እንዲያነብ በሰንሰሯ ፋንታ ሶኬቱ ውስጥ ሰኩና «አስነሣት» አሉኝ። ተነሳች። ወደ 1,400 ወጥታ ጸጥ ብላ ቆመች። እግሬ ጋዙን አልነካም። ዓይኔ እንባ አቀረረ ብላችሁ አላፍርም።

ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ታዲያ ሌሎቹን ምን ከለከላቸው? ትኩሳቱ ሌሊት የሚነሳበትን በሽተኛ ሐኪም አስተኝቶ ያየዋል እንጂ በቀን አይቶ «ጤነኛ ነህ» አይለውም። የኔ እንደሆነ ሰንሰር ሆነ፤ የሌላው የደረቀ የላስቲክ ቱቦ ይሆናል፣ ሲበርድ አየር ያስገባል፣ ሲሞቅ ለስልሶ ይዘጋል። ወይ ሚኒሞውን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ጥላሸት ይዞ ይሆናል። ካርቡራተር ላላት ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው፣ ሲበርድ አየሩን ቀንሶ ቤንዚኑን የሚያበዛው ቾኩ ነው። ሁሉም ግን ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ካልታየ አይገኝም። እባካችሁ መኪናችሁን አሳድሯት፤ «ትደር» ስትሉት እንቢ ለሚል ጋራዥ አንድ ብሎን አታስነኩ።

ሰንሰሯ ተቀይራለች፣ ሚኒሞውም ወደ ቦታው ተመልሷል። ትናንት፣ ሁለተኛው መካኒክ ያወጣቸውን አሮጌ የካንዴላ ገመዶች ልቀበል ጋራዡ ሄጄ ነበር፤ ደህና ነበሩና። «ተጥለዋል» አሉኝ። በእነሱ ምትክ ከተገጠሙልኝ አዲሶቹ የአንዱ ጫፍ ሦስት ወር ሳይሞላው ተሰንጥቋል።