ምስጋና ለጥሩምባችን

ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ መብራቱ ገና ቀይ ሳለ ከኋላ ሆናችሁ ክላክስ የምታደርጉልን አሽከርካሪዎች፣ እግዜር ይስጥልን። ቀይ መብራት ሲጮኹበት ደንግጦ አረንጓዴ እንደሚሆን ያወቅነው በእናንተ ነው።

የሰውነታችን ሴል ይህ ጥበብ አልደረሰውም። ንፉግ ነው። ደጁ ላይ ካልሲየም ሞልቶ ተርፎ ሳለ፣ በውስጡ ነጻ ሆኖ እንዲንሳፈፍ የሚፈቅደው ከውጪው 10 ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰውን ነው። ሾልኮ የገባውን በፓምፕ እየገፋ ሲያስወጣ ጉልበቱን ይጨርሳል። ቤቱ ጸጥ ካላለ ኮሽታ አይሰማውማ!

መልእክት ሲመጣ በሩ ለቅጽበት ተከፍቶ ካልሲየም ይገባል። ካልሞዱሊን የሚባለው ፕሮቲን አራት ካልሲየም ይዞ ቅርጹን ይለውጥና የሚመለከተውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል። በልባችን ጡንቻም ትሮፖኒን ሲ የተባለው ፕሮቲን ካልሲየም ሲይዝ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ሲለቅ ይላላል። ከዚያ እንደገና ዝምታ። እኛ ዘንድ ግን ያው አንድ ክላክስ «ግባ»፣ «ዞር በል»፣ «እንደምን አደርክ»፣ «ሙሽራ ይዘናል» ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ መለየት የሰሚው ዕዳ ነው።

ኤስ 100 የሚባሉት የእነ ካልሞዱሊን ዘመድ ፕሮቲኖችማ ይባስ ቁጥቦች ናቸው። በደኅናው ቀን ሴሉ ውስጥ በየሥራቸው ተጠምደው ይኖራሉ። ሴሉ ሲጎዳ ወይም ሲሞት ግን ወደ ውጪ ይፈስሳሉ፤ ጎረቤት ሴሎች ተቀብለዋቸው አደጋ መድረሱን ይረዳሉ፣ ነጭ የደም ሴሎችም ይሰበሰባሉ። ልክ እንደ እድር ጥሩምባ ነፊ፤ በንጋት አንዴ ነፍቶ ሰፈሩን ሁሉ ለቅሶ ቤት ያደርሳል። (ሜክሲኮ መጥቶ ቢነፋ ማን ቀና ብሎ ያየዋል?) ሐኪሞች ከኤስ 100 ወገን የሆነውን ካልፕሮቴክቲንን በሰገራ ውስጥ ለክተው አንጀት መቆጣቱን ያውቃሉ። የእኛን ጩኸት ለክቶ የተቆጣው ማን እንደሆነ የሚነግረን ሐኪም ግን ገና አልተወለደም።

ካልሲየም ገብቶ አልወጣ ካለ ሴሉ ይሞታል። ልፍስፍስ! እኛ ይኸው ከጠዋት እስከ ማታ ስንጮህ እየዋልን አለን።

ባለፈው ሳምንት አምቡላንስ እያለቀሰ ከኋላችን ደረሰ። መንገድ የለቀቀለት ሰው አላየሁም። ሰላምታ መስሎን ግን ሁላችንም በክላክስ መለስንለት።