ወላጅ አልባ እንዳያልቅ

የአውሮፓ ወጣት ድሮ የእረፍት ወሩን የሚጨርሰው ባሕር ዳር ተጋድሞ ነበር። እሰየው፣ ያ ዘመን አለፈ። ዛሬ ሻንጣውን ሸክፎ ካምቦዲያ፣ ሲየም ሪፕ ይወርዳል። ማለዳ አንኮር ዋት በሚባለው ጥንታዊ መቅደስ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ፎቶ ይነሣል፤ ከምሳ በኋላ በቱክቱክ (የእነሱ ባጃጅ ነው) ሕፃናት ማሳደጊያ ሄዶ ነፍስ ያድናል፤ ማታ ቢራውን ይጠጣል። ለአንኮር የአንድ ቀን መግቢያ 37 ዶላር ይከፍላል። ማሳደጊያው ትኬት አይቆርጥም፤ ሣጥን ብቻ ነው የሚያስቀምጠው፣ ቁልፉም ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ነው።

ለዚህ ቅን ትውልድ ምስጋና ሲያንሰው ነው፤ በተለይ ለአንድ ውለታው። የወላጅ አልባ እጥረት እንዳይፈጠር ሌት ተቀን ይተጋል። ካምቦዲያ ጦርነቱ ካበቃላት በኋላ ማሳደጊያዎቿ አንድ በአንድ መዘጋት ነበረባቸው። ነገር ግን ከ2005 እስከ 2010 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቁጥራቸው በ75 በመቶ አደገ። በነዚያ ዓመታት ወላጆችን የፈጀ ጦርነት አልነበረም፤ የሚጎርፍ ቱሪስት ግን ነበረ። ዩኒሴፍ በ2011 እንዳስታወቀው፣ ማሳደጊያዎቹ ውስጥ ካሉት ሕፃናት ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። እናት በቁሟ እያለች ልጇን ወላጅ አልባ ማድረግ ሞት እንኳ ያልቻለበት ሙያ ነው።

አሠራሩ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። ደላላ ገጠር ይወርዳል፣ ለእናትየው «ልጅሽ እንግሊዝኛ ይማራል፣ ሦስቴ ይበላል» ይላታል። እሷ አዳሪ ትምህርት ቤት የላከችው ይመስላታል። ኔፓልም ያው ነው፦ ድህነቱ ተራራው ላይ ነው፣ ማሳደጊያዎቹ ግን የሚበዙት ቱሪስት በሚበዛባቸው በካትማንዱ፣ በፖካራና በቺትዋን ነው። ልጁ ወደ እንግዳው ይመጣል እንጂ እንግዳው ሁለት ቀን ጭቃ ረግጦ አይንገላታም። እንዲህ ያለ የእንግዳ አክብሮት የት ይገኛል?

አሁን ደግሞ ክፉ አሳቢዎች ሒሳብ ይዘው ይመጣሉ። በ2024 የካምቦዲያ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ደሞዝ 204 ዶላር ነበር። የአውሮፕላን ትኬቱ ብቻ 1,000 ዶላር ቢሆን፣ የአንዲት እናት የአምስት ወር ደሞዝ ሊሆን ምንም አይቀረው። «ገንዘቡ ልጁን ቤቱ ባቆየው ነበር» ይላሉ። ይሁን፣ እውነት ነው። ግን እስቲ የአንዲትን እናት የቤት ኪራይ ደረሰኝ ለጥፎ ላይክ ያገኘ ሰው አሳዩኝ!

ወደ ሥራው እንግባ። ተቀዳሚው ማስተማር ነው። እርስዎ፣ ክቡር በጎ ፈቃደኛ፣ ባገርዎ የሒሳብ መዝገብ ሠራተኛ ነዎት፤ ሲየም ሪፕ ሲደርሱ መምህር ሆነዋል። ሰኞ ከኤ፣ ቢ፣ ሲ ይጀምራሉ። ከእርስዎ በፊት የነበረችውም ከኤ ጀምራ ነበር፣ ከእሷ በፊት የነበረውም እንዲሁ። ከፊት የተቀመጠው ልጅ ፊደሉን ሲማር ይህ ዘጠነኛ ዙሩ ነው። አዋቂ ስለሆነ ግን ጂ ላይ ሲደርስ ሆን ብሎ ይሳሳታል፤ እርስዎ ያርሙታል፣ እሱ ያስተካክላል፣ እርስዎ ደስ ይልዎታል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቀለማትና እንስሳት ይመጣሉ። ከዚያ ይሄዳሉ። ስለዚህ ያ ክፍል ኃላፊ ጊዜ የሚባል ሰዋስው ደርሶበት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ይቀባል። ደግሞ ግድግዳው! ተራ ቀለም ቀቢ ቢጠራ የሻገተውን በበረኪና አጥቦ ያደርቃል፣ የላላውን ቀለም በስፓቱላ ይፍቃል፣ ስንጥቁን በስቱኮ ይደፍናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ መነሻ ቀለም ይሰጠዋል፣ ከዚያ ነው ሁለት እጅ የሚቀባው፤ በየመሐሉም እስኪደርቅ ይጠብቃል። አራት አምስት ቀን ሊፈጅበት ነው። የእርስዎ ቡድን በምሳና በስንብቱ ጭፈራ መካከል ሦስት ሰዓት አለው፤ ስለዚህ ከመጨረሻው ይጀምራል። የአውሮፓ የበጋ እረፍት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ካምቦዲያ ደግሞ በነዚያ ወራት ዝናብ ላይ ናት። እርጥበቱን ቀለም ሲከድኑበት መውጫ ፍለጋ ቀለሙን ያሳብጠዋል፣ ያበጠው ይፈነዳል፣ የፈነዳው ይላጣል። የሣሉት ዝሆንም (አምስተኛ እግር የሚመስለው ኩምቢው ነው) ከወገቡ በታች ይረግፋል። የገና እረፍተኞች ሲመጡ ግድግዳው ለመቀባት ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። አንድ ግድግዳ ስንቱን አዳኝ አጸደቀ! የሰፈሩ ቀለም ቀቢ ሥራ ፈትቶ ማዶ ተቀምጦ ያያል። እጅዎን ቁርጥማት አይንካው።

ግን የጉዞው ማር ማቀፉ ነው። ገና ከቱክቱክ ሳይወርዱ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ሮጣ እግርዎን ትጠመጥማለች። ቤቷ ያደገች ልጅ የማታውቀው ሰው ሲመጣ እናቷ ቀሚስ ሥር ተደብቃ በአንድ ዓይኗ ነው የምታየው፤ ይቺ ግን የመጣውን ሁሉ ታቅፋለች። በ2000 ሩማንያ፣ ቡካሬስት ውስጥ 136 ሕፃናትን ይዘው የተነሡ ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ ደጋግመው መዝግበውታል፦ የእኔ የምትለው አንድ ሰው ያጣች ልጅ ሰው አትመርጥም። ተመራማሪ ደግሞ ምን ያውቃል? እርስዎ ፍቅር ነው ብለዋል፤ ፍቅር ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰው ቢለዋወጥ በዓመት 26 ስንብት ነው፤ ከአራት ዓመቷ እስከ አሥር ዓመቷ 156። ያዝ ለቀቅ ሲሉ እንዲህ ነው እንጂ።

ወረቀት አያስቸግርዎትም። እንግሊዝ ቢሆን ሕፃናት ጋ ብቻዎን ለመሥራት ወንጀል እንደሌለብዎት መዝገብ መጣራት ነበረበት፤ አዲስ አበባም ቢሆን «አሻራ አምጣ» ሊባሉ ይችላሉ። በራፉን ለመጣ ሁሉ የሚከፍት ማሳደጊያ ግን ፊትዎን አይቶ ያምንዎታል። ይህ በር ለክፉ ሰውም እንደሚከፈት የሚያሳስበው ወሬኛ ብቻ ነው።

ምቀኛ መቼም አይጠፋም። ፍሬንድስ ኢንተርናሽናል የሚባል ድርጅት በ2011 «ሕፃናት የቱሪስት መስህብ አይደሉም» ብሎ ዘመቻ ጀመረ። በ2017 የአውስትራሊያ ፓርላማ ኮሚቴ ልጅን ለማሳደጊያ ትርፍ ማዘዋወርን ከዘመናዊ ባርነት ጋር አያይዞ መረመረ። የካምቦዲያ መንግሥት ራሱ ከ2016 እስከ 2018 በአምስት ክፍላተ ሀገር ማሳደጊያዎች ካሉት ልጆች 30 በመቶውን ወደ ቤተሰባቸው ልመልስ ብሎ ዕቅድ አወጣ። እስቲ አስቡት፣ ልጁ እናቱ ጋ ከገባ ማን ሊያቅፈው ነው?

እኛም ከሰው አናንስም። ለልጃችን ልደት ኬክ አስጭነን፣ ቪዲዮ አንሺ አስከትለን ማሳደጊያ እንሄዳለን፤ በክረምት ከዋሺንግተን የመጡ ዘመዶችም ሻንጣ ሙሉ ልባሽ ጨምረው ይከተላሉ። ሙያ በልብ ነው የሚለው ተረት የወጣው ስልክ ካሜራ ከማውጣቱ በፊት ነው። ሻማውን የሚያጠፋው የእኛ ልጅ ነው፤ የቤቱ ልጆች ያጨበጭባሉ፣ የማን ልደት እንደሆነ ግን የነገራቸው የለም።

የመጨረሻው ቀን ላይ ነን። ልጆቹ ይዘፍናሉ፣ እርስዎ ያለቅሳሉ፣ ፎቶው ይነሣል (ልጁ ጭንዎ ላይ፣ መነጽርዎ ልጁ ዓይን ላይ)። ሲወጡ በራፉ ላይ የሙዝ ዘለላ የያዘች ሴት ልታዩ ትችላላችሁ። ከጠዋት ጀምራ ነው የቆመችው፤ እንግዶቹ ሳይሄዱ መግባት አትችይም ተብላለች። የወጥ ቤት ሠራተኛ መስላዎት ፈገግ ብለው ያልፏታል። አትዘግዩ፣ ቱክቱኩ እየጠበቀ ነው።