ለተከበሩ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ባሉበት

ቁጥር፦ መዝገብ ቤት ሲከፈት ይሰጠዋል
ቀን፦ ሲፈረም ይሞላል

ጉዳዩ፦ የሥዕል መነሻ ሐሳብ እንዲመጣልኝ ትብብር ስለ መጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆቱ ግን ጠንቶብኛል፤ እርስዎን መጠበቅ ከጀመርኩ ዛሬ ዓርብ አሥረኛ ቀኔን ያዝኩ።

እርስዎ ሳይመሰክሩልኝ ራሴን ባስተዋውቅ ማንም እንደማያምነኝ አውቃለሁ። ቢሆንም የመጨረሻ ዓመት የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራችን መምህራችን የሰጡን መመሪያ ሁለት ቃል ነበር፤ «ውጡና እዩ።» ወጣሁ፤ አየሁ። ጥፋቴ እርስዎን ሳልይዝ ማየቴ ነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነው። መታወቂያዬን ላሳድስ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። (ግልባጭ የደረሳችሁ ወገኖቼ የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ሁላችሁም ቆማችሁበታል።) ከንጋቱ 12 ሰዓት ስደርስ 63ኛ ሆንኩ። 3 ሰዓት ላይ መስኮቱ ተከፈተ፤ 3 ሰዓት ከ20 ላይ «ሲስተም የለም» ተባለ። ስለ ሲስተም ሌላ የምለው የለኝም።

ሰው ሲሰለፍ ጎኑን ነው የሚያሳየው። ይህን እርስዎ ላያውቁት ይችላሉ፤ ተሰልፈው አያውቁምና። በቤተ ክርስቲያናችን የአሣሣል ልማድ ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ከሓዲና ሰይጣን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። እኔም ከፊቴ ስልሳ ሁለት ሰው በአንድ ዓይን ተደርድሮ አየሁ። በዚያ ልማድ ብንዳኝ ሁላችንም ለሲኦል ወረፋ ይዘናል። ሁለት ዓይኗ የሚታየው መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችው ሠራተኛ ብቻ ናት፤ እርሷም ሁለቱንም ስልኳ ላይ ተክላቸዋለች።

ዓመቱን ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት ሥዕል እንዲህ ሳይቀጠር መጣ። ደብተሬን አወጣሁ።

ሰልፉን ሣልኩ። ጥበቃው አገጫቸውን ዱላቸው ላይ አስደግፈው ሲያንጎላጁ ሣልኳቸው። ከዚያ ከሰልፉ ወጣ ብለው ድንጋይ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ዓይኔን ያዙት። ጫማቸውን አውልቀው አጠገባቸው አስቀምጠዋል። ማስረጃዎቻቸውን ሁሉ በአንድ ሰማያዊ ፌስታል ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል፤ እጅ በእጅ ላይ አጣምረው፣ ልክ እንደ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ እንደምትሣልበት። ያ የእጅ አጣመር ከሮም የመጣ ነው፤ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጂ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከ400 ዓመት ገደማ በፊት ይዘው መጡ፣ የእኛ ሠዓሊዎች አዩት፣ ወደዱት፣ የራሳቸው አደረጉት። ማን የድጋፍ ደብዳቤ እንደጻፈላቸው አልተመዘገበም። እኔም ሮምን፣ ጎንደርንና ፌስታልን በአንድ ገጽ አገናኝቼ ጣቶቹ ላይ ደርሻለሁ። ሃያ ደቂቃ ሠርቻለሁ።

«አንቺ! ምን እየጻፍሽ ነው?» አሉ ጥበቃው ነቅተው።

«አልጻፍኩም ጋሼ፤ እየሣልኩ ነው።»

«ማን ፈቀደልሽ? የድጋፍ ደብዳቤ አለሽ?»

ስምዎ ሲጠራ ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። በዚያ ጠዋት የሰውን ሁለቱንም ዓይን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

የጥበቃ ኃላፊው ተጠሩ። ደብተሬን ተቀብለው፣ አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው እያራሱ፣ ሰው ሁሉ ፊት አንድ በአንድ ይገልጡት ጀመር። የመጀመሪያው ገጽ የመብራት ምሰሶ ላይ የተጠላለፈ ሽቦ ነበር። «ይህ ለምን ተሣለ?» አሉኝ። አራት ዓመት ተምሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለኝም። ሁለተኛውን ወደ ብርሃን አዙረው መረመሩትና «ይህ ካርታ ነው» ሲሉ ወሰኑ። «የእንጀራ ዓይን ነው» አልኩ። ሰልፉ ሳቀ። «እንጀራ ይበላል እንጂ ይሣላል?» አሉ፤ እውነቱን ለመናገር በትምህርት ቤት ከተሰጠኝ ሂስ ሁሉ አጭሩና ጥሩው ይኸው ነው። ሦስተኛው የዛገ ቆርቆሮ ነው፤ ዝም ብለው አለፉት። አራተኛው ላይ ቆሙ።

አራተኛው፣ ክፍል ውስጥ ለአካል ጥናት የሣልነው የጂፕሰም ሐውልት ነው። ራስም ክንድም የለውም፤ ልብስም የለውም። ኃላፊው ደብተሩን ከፍ አድርገው ለሰልፉ አሳዩ። ከፊቴ የነበረች ሴት በነጠላዋ ጫፍ የልጇን ዓይን ጋረደች። «የሰው ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ሐውልት ነው አልኩ። «ራሱስ የት ሄደ?» ሲባል ዳግመኛ ተሳቀ፤ አሁን ግን ሳቁ ሌላ ዓይነት ነበር። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሠራሁት ሥራ ሳይሆን ማየት በመውደዴ አፈርኩ።

ከዚያ የእናትየዋ ገጽ ደረሰ። እማማ ተነሥተው በባዶ እግራቸው ጠጋ አሉና «ልጄ፣ እኔ ነኝ? እስቲ ልየው» አሉ። አዩት። «አፍንጫዬ እንዲህ ረዝሟል?» አሉና ፈገግ አሉ። ኃላፊው ገጹን ገንጥለው ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ቀደዱት።

«ፊቱ የእኔ ነው፤ እኔ ፈቅጃለሁ» አሉ እማማ።

«የእርስዎ ፈቃድ አይበቃም እማማ፤ ደብዳቤ ነው የሚያስፈልገው።» ወደ እኔም ዞረው፣ «ወረቀት ነው፤ ሌላ ትሥያለሽ።»

እዚህ ላይ አንቱታውን ለአፍታ ላንሣ። ስማ አንተ ወረቀት! እማማ እዚያ ግቢ ሲመላለሱ ያ ቀን ሦስተኛቸው ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ቀና ብሎ ያያቸው ሰው አልነበረም፤ መስኮቱም፣ በሩም፣ ሰልፉም አላያቸውም። ለሃያ ደቂቃ ያየኋቸው እኔ ነኝ፤ እንደ ሌባ የተፈተሽኩትም እኔ ነኝ። እርሳቸውን ለማየት ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ላለማየትስ ማን ፈቀደ? የማን ማኅተም አለበት? ሌላ ትሥያለሽ ይለኛል! ያ ፈገግታ ሌላ የለውም።

ይቅርታ። ወደ አንቱታው ተመልሻለሁ።

የጥበቃው ምስል ያለበት ገጽ ሲደርስ ኃላፊው ለባለቤቱ አሳዩአቸው። ጥበቃው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት፤ «ይህ ለማስረጃ ይቀመጥ» አሉና አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ገጾቹ ከጎደሉት ደብተሬ ጋር ወደ ሰልፉ ስመለስ 63ኛነቴ ለሌላ ተሰጥቶ ነበር።

በማግስቱ እርስዎን ፍለጋ ወደ ትምህርት ቤቴ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ለካ እርስዎ እንዲሁ አይገኙም፤ መጀመሪያ ቅጽ ይሞላልዎታል። «መነሻ ሐሳቡ የሚመጣበት ቦታ።» «ከ… ሰዓት እስከ … ሰዓት።» ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ብዬ ሞላሁ፤ ከዚያ ውጭ ከመጣ በር ላይ እንዲጠብቅ። «የሚመለከተው አካል» የሚልም አለ። እዚህ ላይ ሳቄ መጣ፤ በዚያ ግቢ የሚመለከት አካል እኔ ብቻ ነበርኩ።

የገደለኝ ግን አምስተኛው መስመር ነው፦ «የፈጠራ መነሻ ምንጭ (አንድ ብቻ ይጠቀስ)»። ደብተራው ክታብ ሲሠራ ብራናውን በባለጉዳዩ ቁመት ልክ ይለካዋል፤ የእርስዎ ቅጽ ግን ለረጅሙም ለአጭሩም አራት ጣት ነው። እስቲ ሠዓሊውን እስክንድር ቦጎስያንን እዚህ መስመር ላይ ያስቀምጧቸው። ፓሪስ ያዩትን የፖል ክሌ ሥዕል ይጻፉ፣ የምዕራብ አፍሪካን ጥበብ ወይስ በአገራቸው ክታብ ላይ የሚሣለውን የጠልሰም ዓይን? ሁለቱን ሰርዘው ሠዓሊው ይቀራሉ? ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚሰበስበውን የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና ሽቦ ሲያመጣ ምንጩ መርካቶ ነው፣ ኮምፒውተሩ ነው ወይስ ሰፌድ የሚሰፉ እናቶች እጅ? ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሠዓሊም ገጣሚም ናቸው፤ ገና ሙያ የሚለው መስመር ላይ ይወድቃሉ። አፈወርቅ ተክሌማ ወደ እንግሊዝ የተላኩት ለማዕድን ምሕንድስና ነው። እርስዎ በደንብ ሥራዎን ሠርተው ቢሆን ኖሮ፣ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ዛሬ የሆነ ቦታ 150 ካሬ ሜትር ጉድጓድ በሆነ።

እኔስ ምን ልጻፍ? ሐሳብ የሚመጣልኝ ከቆርቆሮ ዝገት ነው። ቆራሊው በማዳበሪያ ተሸክሞት ከሚዞረው የተጨማደደ ድስት ነው። አያቴ ምጣዱ ላይ ሊጥ ስታዞር ከምትተወው ክብ ነው። ከቤተ መዘክር ብዙ ጊዜ አልመጣልኝም፤ አንዴ ሄጄ እርሳሴን እንደ ካሜራ ቆጥረው አስከፍለውኛል። እስከ ዛሬ ጥበብን የደገፈኝ አንድ የሚኒባስ ረዳት ብቻ ነው፤ «እኔን ሣይኝና በነፃ ሂጂ» ብሎኝ እስከ ሜክሲኮ አድርሶኛል። እርሱን ግን በአራት ጣት መስመር እንዴት ላስገባው?

ግማሽ ሰዓት ካሰብኩ በኋላ «የድጋፍ ደብዳቤ» ብዬ ጻፍኩ።

ጸሐፊዋ አንብባ ራሷን ነቀነቀች። «አሁን ገና በትክክል ሞላሽ» አለችኝ። ፈራሚው ግን ስብሰባ ላይ ናቸው። ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ፣ የመሳቢያው ቁልፍ ማኅተም ያዥዋ ዘንድ፣ ማኅተም ያዥዋ ሥልጠና ላይ ናቸው። ፎቶ ኮፒ ሁለት።

ደግሞ አልዋሸሁም፤ አሥር ቀን ሙሉ ስለ እርስዎ ብቻ ነው የምሥለው። ማኅተም ሲመታ ጫፉ ላይ የሚፈስሰው ወይን ጠጅ ቀለም፣ ስምና ኃላፊነት ይዞ የሚጋደመው ቲተር፣ ማንም የማያነበው ፊርማ። ገጾቹ ጎድለው የተመለሰልኝ ደብተር ሊሞላ ምንም አልቀረው። የእማማን እጆች ግን ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልመጡልኝም።

ትናንት በቀጠሮዬ መሠረት ወደዚያው መሥሪያ ቤት ተመለስኩ። እማማን በዓይኔ ፈለግኩ፤ ድንጋዩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ጥበቃው ከጎጇቸው ሆነው በእጃቸው ጠሩኝና ልቤ ወደቀ። ስጠጋ የእኔ ሥዕል ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ያ አገጭ፣ ያ ዱላ። እጥፋቱ በእጅ ተዳምጦ ተስተካክሏል። ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ቀለም አይጨመርበትም?»

«ይጨመርበታል ጋሼ» አልኳቸው። «የድጋፍ ደብዳቤ ያምጡ።»

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት፣ እንደተለመደው እንዲጠፋ