ይድረስ የአባት ስም ላልተገኘለት ለክቡር ትራክ 01

ጉዳዩ፦ መታወቂያ እንዲያወጡ ስለማሳሰብ

ክቡርነትዎ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ካሴት፣ ሲዲና ሸክላ የምናስቀምጥ ሰዎች አቧራችንን እየጠረግን ደህና ነን። የእርስዎን ደህንነት መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም፤ የሌሉበት ቦታ የለም። በሚኒባሱ ቴፕ እርስዎ፣ በሠርግ ቤቱ ላፕቶፕ እርስዎ፣ ሙዚቃ ቤት አስጭነን በመጣነው ሚሞሪ ላይ እርስዎ፣ በቴሌግራምም እርስዎ። ፍላሹን ስንከፍት ስም ያልተጻፈለት የዘፈን ፋይል ሁሉ፣ ቤተሰብዎ፣ ተሰልፎ ይጠብቀናል፦ ትራክ 01፣ ትራክ 01 (1)፣ ትራክ 01 (2)፣ ትራክ 01 ኮፒ። ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ ከእርስዎ ዓይነቱ ወደ 4,000 ይሸከማል፤ ሳያቋርጥ ቢዘፍን 11 ቀን ይወስዳል። በ11ኛው ቀን ማታም ማን ሲዘፍን እንደከረመ አናውቅም።

ስም፦ ትራክ 01። የአባት ስም፦ አንኖውን አርቲስት። የአያት ስም፦ አንኖውን አልበም። በዚህ ስም ቀበሌ ቢሄዱ ሦስት ምስክር አቁመው እንኳ መታወቂያ የሚሰጥዎ የለም።

«የሚሰጠኝ አጥቼ ነው» እንዳይሉን። ኤምፒ3 የሆነ ሁሉ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አይዲ3 የሚባል መታወቂያ ተዘጋጅቶለታል። የመጀመሪያው ስሪት ጠባብ እንደነበር አንክድም። በፋይሉ ጭራ ላይ 128 ባይት ብቻ ነው፦ 3 ለማኅተም፣ 30 ለርዕስ፣ 30 ለዘፋኝ፣ 30 ለአልበም፣ 4 ለዓመት፣ 30 ለማስታወሻ፣ 1 ለሙዚቃው ዓይነት። የተሰፋው ለላቲን ፊደል ነበር። የእኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንዱ 3 ባይት ስለሚወስድ 30 ባይት ውስጥ 10 ፊደል ነው የሚገባው። ዘፋኙ ብቻውን ከሆነ ከነአባቱ ስም ይገባል፤ ሁለት ሆነው ከተቀባበሉ ግን ሁለተኛው ሰው በር ላይ ይቀራል። የገባውንም ቢሆን ቴፑ በላቲን ስለሚያነበው ስክሪኑ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይደረድራል።

የሙዚቃው ዓይነት የሚጻፍባት አንዷ ባይት ደግሞ የራሷ ቀልድ አላት። ሰው ካልሞላት ዜሮ ሆና ትቀራለች፤ በዝርዝሩ ላይ ዜሮ ቁጥር ብሉዝ ነው። ሽለላውም፣ የሠርጉም ዘፈን፣ ትዝታውም በመኪናው ስክሪን ላይ ብሉዝ እየተባሉ የሚያልፉት በዚህ ምክንያት ነው። ያ የመጀመሪያው ዝርዝር 80 ዓይነት ሙዚቃ ነበረው። ፖልካ አለበት፤ ትዝታ የለበትም።

ይሁን፣ ያ ድሮ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛው የአይዲ3 ስሪትም የ30 ባይቱን አጥር አፍርሷል፤ በዩቲኤፍ-16 ግዕዙን እንዳለ ይጽፋል፣ የሽፋኑን ሥዕል ይይዛል፣ ለዜማ ደራሲው አንድ ሣጥን፣ ለግጥም ደራሲው ሌላ ሣጥን አለው። ሣጥኖቹ ባዶ ናቸው። ከኢንተርኔት ያወረደዎ ሰው አልሞላቸውም፣ ፍላሽ ላይ የጫነዎ ልጅም አልሞላቸውም፣ እርስዎም ሙሉልኝ ብለው አያውቁም።

ከዚህ ጎን የአንድ ተራ ካሴት ሽፋን ዘርግተን እንይ። ከፕላስቲኩ መዝዘን፣ እጥፉን ፈትተን ስናነብ፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ቀረጻ፣ ሚክሲንግ፣ አከፋፋይ፣ አድራሻ፣ ከዚያም ለአጎት፣ ለጎረቤትና ለንስሐ አባት ሳይቀር የቀረበ ልዩ ምስጋና። ዓመቱን ያልጻፈ አሳታሚ ብዙ ነው፤ እሱንም ቢሆን የሚያውቅ ሰው ከስልክ ቁጥሩ ያወጣዋል። የአዲስ አበባው ቁጥር ስድስት አሃዝ ከሆነ ሽፋኑ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2005 ቁጥሩ ከመለወጡ በፊት ነው። እርስዎን ገልብጠን ብናይ የምናገኘው «የተፈጠረበት ቀን» የሚለውን ነው፤ እሱም ልጁ ፍላሹን የጫነበት ማክሰኞ ነው።

ይሄ የስም ወዳድነት ጉዳይ አይደለም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም ያወጣቸው ባለ 45 ዙር ሸክላዎች መሐላቸው ላይ ክብ ወረቀት ነበራቸው፤ ዘፋኙን፣ የዘፈኑን ርዕስና የሸክላውን ተራ ቁጥር የያዘ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከአሥርት ዓመታት በኋላ «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ተከታታይ ሲዲዎች ሲያሰናዳ ያ ዘመን ከነስሙ ተመልሶ መጣ። ከዛሬ ሃምሳ ዓመት በኋላ የእኛን ዘመን ሙዚቃ ሊያሰባስብ የሚነሳ ሰው ደግሞ የሚያገኘው እርስዎን ነው። እግዜር ይርዳው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የሥራ አመንጪው ስሙ ከሥራው ጋር እንዲነሳ መብት ይሰጠዋል፤ አዋጁ ፍላሹ ላይ አልተጫነም መሰል።

ወደ ድምፅዎ እንምጣ። ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት፣ ለግራም ለቀኝም ይጽፋል፤ ይህ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው። እርስዎ 128 ነዎት፤ ከአሥራ አንድ እጅ አንዱ። የአራት ደቂቃ ዘፈን ሲዲ ላይ 42 ሜጋባይት ይፈጃል፣ እርስዎ ዘንድ 4 አይሞላም። «የጣልኩት ጆሮ የማይሰማውን ነው» ይላሉ። ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ከሲዲው በቀጥታ፣ በጥሩ ኢንኮደር (ድምፁን በሚጨምቀው ፕሮግራም)፣ በ320 ቢሠሩ ኖሮ ለይቶ የሚያውቅዎ ሰው ጥቂት ነው። 128 ላይ ግን ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ይጣላል፣ ሲምባሉ ይንሿሿል፣ የማሲንቆው ጭራ ክሩን ሲፈትግ የሚሰማው ሻካራነት ይለሰልሳል። ከበሮው ሊመታ ሲልም ምቱ ሳይደርስ ጭርጭርታ ይቀድመዋል፤ ስሌቱ ድምፁን በቁራጭ በቁራጭ ስለሚሠራ ስህተቱ ቁራጩን በሙሉ ያዳርሳል፣ ከምቱ በፊት የነበረውን ጸጥታም ጭምር። በእንዲህ ያለው ስሌት ላይ ከሁሉ የሚከብደው ጭብጨባና እልልታ ነው። ሠርግ የሚበዛበት አገር ውስጥ ለመኖር የመረጡት እንግዲህ እርስዎ ነዎት።

ይብስ ብሎ ያልተማሩበትን ማዕረግ ይለጥፋሉ። 128 የነበረ ፋይል ወደ 320 ሲገለበጥ ከ4 ሜጋ ወደ 10 ሜጋ ይወፍራል፤ የተጣለው ግን አይመለስም፤ ሁለተኛ ዙር ስለተጨመቀ እንዲያውም ትንሽ ይቀንሳል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ፋይሉን ስፔክ ወይም ኦዳሲቲ በተባለው ፕሮግራም ከፍቶ ስፔክትረሙን፣ ድምፁ እስከ ስንት ኪሎኸርዝ እንደሚደርስ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ማየት። እውነተኛ 320 እስከ 20 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይዘልቃል። 16 ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ካለቀ የዲግሪው ወረቀት ፎርጅድ ነው። ከቪዲዮ የተቀዳ መሆንዎንማ ለማወቅ መሣሪያም አያስፈልግም፤ አዝማቹ ሊገባ ሲል «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳይረሱ» የሚል ድምፅ ጣልቃ ይገባል።

አንድ መልካም ነገርዎን ግን ሳንመሰክር አናልፍም፦ ያቺ ከፊትዎ ያለችው ዜሮ። እሷ የሌለችበት ፎልደር 1፣ 10፣ 11፣ 2 እያለ ነው የሚሰለፈው። ችግሩ ዜሮዋም የማታድንበት ቦታ አለ። ብዙ የመኪና ቴፕ በስም ቅደም ተከተል አይሄድም፤ በፍላሹ ማውጫ ውስጥ ቀድሞ የተጻፈውን ቀድሞ ያጫውታል። ስለዚህ 07 ከ03 ቀድሞ ከተገለበጠ ቀድሞ ይዘፍናል። ከ32 ጊጋ በላይ የሆነ ፍላሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኤክስፋት በሚባል ፎርማት ይመጣል፣ የቆየ ቴፕ ጭራሽ አያየውም፤ ባለ ፍላሹም ሻጩን ይሰድባል።

ቅደም ተከተል ይህን ያህል ምን ያደርጋል ቢሉን፣ ሲ60 ካሴት በአንድ ገጽ 30 ደቂቃ ነው። አሳታሚው ሁለቱን ገጾች ካላመጣጠነ ዘፈኑ መሐል ላይ ይቆረጣል፣ ወይም ባዶ ክር እየተንሿሿ ይቀራል። በሳይድ ኤ መጨረሻ አድማጩ ለመገልበጥ ሊነሳ ነው፤ በሳይድ ቢ መጀመሪያ ተመልሶ ሊቀመጥ ነው። ለሁለቱም ቦታ የሚሆን ዘፈን ተመርጦ ነበር የሚገባው። እርስዎ ዘንድ ሁሉም ሰው አንደኛ ነው። ያለ ማቋረጥ የተያያዘ የጭፈራ ዘፈን ሲመጣም ኢንኮደሩ በየፋይሉ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ባዶ ድምፅ ስለሚጨምር እስክስታ ወራጁ ትከሻውን አንሥቶ ይጠብቃል።

ካሴት ጻድቅ ነው አላልንም። ክሩ 3.81 ሚሊ ሜትር ስፋት ነው፤ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ የቴፑ ላስቲክ ከላላ ዘፋኙ ይንቀጠቀጣል፣ ጎማው ከቆሸሸ ክሩ ይበላል። ከኋላው ያለችው ትንሽ ስፖንጅ ከወደቀች ክሩ ሄዱ (ድምፁን ከክሩ የሚያነበው የቴፑ ክፍል) ላይ ስለማይጠጋ ድምፁ ይታፈናል። ሲ120 ደግሞ ክሩ ቀጭን ስለሆነ ይጠቀለላል፤ የገዛውን ሰው አናዝንለትም። ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት ጥርሶች ካልተሰበሩ የቤቱ ልጅ በላዩ ላይ ይቀዳበታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ካሴት ሲበላሽ ማን እንደተበላሸ እናውቃለን።

እንግዲህ እንዲያሟሉ የምንጠይቀው ይህ ነው።

ዘፈኑ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ከሆነ ከዚያ ይምጡ፤ ሲዲው ካለ ከሲዲው ወደ ፍላክ ይቀዱ። ፍላክ ምንም ሳይጥል ወደ ግማሽ ገደማ ያሳንሳል፤ ለመኪናው ከእሱ ላይ ኤምፒ3 ማውጣት ይቻላል፣ ፍላኩ ግን ይቀመጥ።

ያለው ካሴት ብቻ ከሆነ ችኮላ የለም። መጀመሪያ ሄዱና ጎማው 90 ከመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል በጥጥ ይጠረጉ (አረቄ አይሆንም፣ ውሃ አለበት)፤ እስኪደርቅ ይጠበቅ። ካሴቱ አንዴ እስከ መጨረሻው ሄዶ ይመለስ፣ የተጣበቀው ክር ይላቀቃል። ድምፁ ከታፈነ ከሄዱ ጎን ያለችው ትንሽ ብሎን በጣም በዝግታ፣ ከሩብ ዙር ሳታልፍ፣ ድምፁን ሞኖ አድርጎ እያዳመጡ ቀጭኑ ድምፅ ከሁሉ የሚጠራበት ቦታ ላይ ትስተካከል። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ከዚያ በኮምፒውተር ትሬብል ይጨምርና ሹሹታውን ያጎላል። ከቴፑ በላይን አውት (የድምፅ መውጫው ቀዳዳ)፣ እሱ ከሌለ በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ላይን ኢን (የድምፅ መግቢያው) ይገናኝ፤ የማይክሮፎኑ ቀዳዳ ድምፁን ያፈነዳል፣ ብዙ ላፕቶፕ ላይም ሞኖ ነው። በ24 ቢት፣ ከፍተኛው ድምፅ ከ-6 ዴሲቤል ሳያልፍ፣ ገጹ በሙሉ ሳይቋረጥ ይቀዳ፤ መቆራረጡ በኋላ ይደርሳል። ሹሹታ ማጥፊያው በጥቂቱ ይነካ፤ ሲበዛ የዋሽንቱን ትንፋሽ ይዞ ይሄዳል።

ከዚያ በኤምፒ3ታግ ወይም በመሰለው ፕሮግራም መታወቂያዎ ይሞላ፦ የዘፋኙ ስም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ (ኃይሉና ሀይሉ ሁለት ሰው እንዳይሆኑ)፣ አልበሙ፣ ተራ ቁጥሩ ከነዜሮው፣ ግጥምና ዜማው በየሣጥኑ፣ አቀናባሪው በማስታወሻው፣ ሽፋኑም ስካን ተደርጎ። ስሪቱ 2.3፣ አጻጻፉ ዩቲኤፍ-16 ይሁን፤ 2.4ን የቆየ ቴፕ ላያነበው ይችላል። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት ተደርጎ ዘፈኖቹ በየተራቸው አንድ በአንድ ይገልበጡ፣ ወይም ፋትሶርት የተባለው ፕሮግራም ያሰልፋቸው። በአንድ አልበም ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው፣ ቀረጻውን ሳይጨምር።

ይህ እስኪሟላ ድረስ «ልዩ ልዩ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ሆነው እንዲቆዩ ተወስኗል። ይግባኝ ካለዎት ከነአባትዎ ስም ያቅርቡ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
የካሴት ካርቶን አልጋ ሥር ያላቸው ሰዎች

ግልባጭ፦
– ለኒው ፎልደር (3)
– ለአንኖውን አርቲስት፣ በያሉበት
– ለብሉዝ፣ ከማያውቃቸው ዘፋኞች እንዲታረቅ
– ለሙዚቃ ቤቱ ልጅ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ሁሉንም ልጫንልህ?» ከማለቱ በፊት እንዲያነበው